የቆየው ስፌትና የወይራው ዘይት

ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ከምጡ ይልቅ ስፌቱን ፈራሁ። ምጥ ያልፋል፣ ይረሳል፤ እኔም ረስቼው ነበር። ስፌቱን ግን አልረሳሁትም። ትልቋን ልጄን የወለድኳት እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ባደግኩበት ከተማ ነው። ልጅቷ ስትወጣ ቀደደችኝ፤ ሰፉኝ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሳስታውስ ራሴን የማየው ሁሌም በጎኔ ነው። በጎኔ ሆኜ ሳጠባ፣ በጎኔ ተደግፌ ገንፎ ስበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉኝ የመጡትን ጎረቤቶች አልጋው ጠርዝ ላይ በግማሽ መቀመጫ ተቀምጬ ስስቅላቸው። ስለዚያ ሕመም ለማንም አላወራሁም። እናቴም አልጠየቀችኝም። ጨው ያለው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታስቀምጥልኝና በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። የእኛ ቤት ፍቅር እንደዚያ ነው፤ ይሠራል እንጂ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፤ እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ይዘን በሥራ ምክንያት ወደ ጭሮ መጣን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ መቻራ፣ ቡናው መሀል ስለመደበው ሳምንቱን እዚያ ይከርምና ቅዳሜ ይመጣል። መንገዱ ካልከፋ ማለት ነው። የተከራየነው ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋን ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እኔም አዮ አልኳቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጫት በማሰር ነው። ጠዋት ጠዋት ከገጠር የሚወርደውን ጫት እየመረጡ፣ በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ለነጋዴ ያስረክቡ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ተዉት፤ ጣቶቻቸው ግን እንደዚያው ጠንካራና ፈጣን ሆነው ቀሩ።

እርግዝናው ራሱ በእንቅልፍ የተሞላ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ የግቢውን በር ይሸፍነዋል፤ ተማሪዎቼ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ በድምፅ፣ ከዚያ በጥላ፣ ከዚያ በፊታቸው ይመጡልኛል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ሱቆቹ በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ከየቤቱ የሚሰማው የሰው ድምፅ ዝቅ ይልና እንደ ንብ ድምፅ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጋደም ስል፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም። ብርሃኑ በቢጫው መጋረጃ ውስጥ አልፎ ግድግዳው ላይ ይንሳፈፋል። ልጁ ሆዴ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገላበጣል። ሕልም አያለሁ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ሕልም ነው። አንድ ፊቱን የማላየው ልብስ ሰፊ አቡጀዲ ዘርግቶ፣ ጠርዙን በመቀስ ትንሽ ይነካውና በሁለት እጁ ይተረትረዋል። ድምፁ ረጅም ነው። በዚያ ድምፅ እነቃለሁ፤ ስነቃም እግሮቼን ገጥሜያቸው አገኛለሁ።

ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ነበረች። የሂርና ልጅ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ አማርኛዋ ላይ ኦሮምኛው ጣል ጣል ይላል። እኔ «ሲስተር» እላታለሁ፣ እሷ «ቲቸር» ትለኛለች። ወደ መጨረሻው ስቃረብ አንድ ቀን የልጁን ልብ ምት አዳምጣ ስትጨርስ፣

«ሌላ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አለችኝ።

የለም ልላት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ያ የአቡጀዲው ድምፅ ትዝ አለኝ። «ባለፈው ተቀድጄ ነበር» አልኳት። «እንደገና እንዳልቀደድ እፈራለሁ።»

«የት ጋ?»

እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ለቤቱ ማገርና ለወራጁ፣ ለበሬው ሻኛና ለቀንበሩ ማነቆ ስም አስተምራለሁ። የራሴን ሰውነት ያንን ቦታ የምጠራበት፣ አፍ ሞልቶ የሚነገር ቃል ግን አጣሁ። «እዚያ ጋ» አልኳት፤ በዓይኔ ወደ ታች እያሳየሁ።

አልሳቀችብኝም። «ልጁ በሚወጣበት በርና በመቀመጫሽ መሀል ያለችው ሥጋ» አለችኝ፤ ስለ ክርን ወይም ስለ ጉልበት የምታወራ ያህል ረጋ ብላ። «እኛ በትምህርት ቤት በፈረንጅ ስሟ ነው የተማርናት። አጭር ናት፤ ግን ልጁ ሲመጣ እንደ ጎማ መለጠጥ ያለባት እሷ ናት። የተሰፋ ቦታ ደግሞ ጠንከር ይላል። ከአሁን ጀምሮ በዘይት ብታሺያት ትለምዳለች።»

«መታሸት? እሱ ደግሞ ይታሻል?»

«ይታሻል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ። ንጹሕ ዘይት፣ ሽቶ የሌለበት። አውራ ጣትሽን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብተሽ ወደ ታች፣ ወደ መቀመጫሽ በኩል ቀስ ብለሽ ትጫኛለሽ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ። ሲያቃጥልሽ እዚያው ላይ ቆም ብለሽ ትተነፍሻለሽ። ካመመሽ ትቀንሻለሽ። ደም ካየሽ ወይ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ወይ ቁስለት ካለ አትንኪው፤ ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ።»

ከዚያ ሁለት ጣቶቿን በከንፈሮቿ ዳርና ዳር አድርጋ ጎተተች። «እስቲ እንደዚህ አድርጊ።»

አደረግኩ።

«የሚቆረቁር፣ የሚያቃጥል ነገር ይሰማሻል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። እሱን ካወቅሽው ምጥ ላይ ሲመጣ አትደነግጪም።» ቀጠለችና «ቃል አልገባልሽም፤ ተለስልሶም የሚቀደድ አለ። መታሸቱ ግን አይጎዳሽም» አለች።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር እያረምኩ፣ ከንፈሬን በሁለት ጣት እየጎተትኩ ኖሯል። የሒሳብ መምህሩ አሻግሮ ሲያየኝ ቆይቶ «ጥርስሽን ነው?» አለኝ።

የቀረው ዘይቱ ነበር። አዋላጇ «ዘይት ዘይቱን ካገኘሽ ጥሩ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ዘይቱን የማውቀው ፍሬውን ነው፤ ያን ቢጫውን፣ ውስጡ ዘር የሞላውን። ማታ ባለቤቴ ከመቻራ ሲደውልልኝ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አዋላጇ ያለችኝን ነገር ጠቅለል አድርጌ «ለመውለጃዬ ዘይቱን ያስፈልገኛል» አልኩት። ቅዳሜ በሩን ሲከፍት፣ ትከሻው ላይ ሙሉ ከረጢት ዘይቱን ተሸክሞ ነበር። ሽታው ቤቱን ሞላው።

አዮ መጥተው ከረጢቱን አዩትና «ይህን ሁሉ ማን ይበላል?» አሉ። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው በሩ መቃን ላይ ተደግፈው፣ ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ያ ረቢ! ይኼ የሚበላው ነው፤ እሷ ያለችው ደግሞ በዐረብኛ ነው። ወይራ ማለት ነው፣ የወይራ ዘይት!» ባለቤቴ ከረጢቱን እንደያዘ ቆሞ እኔንም እሳቸውንም ያያል። ዘይቱኑን ለግቢው ሰው ሁሉ አደልነው። በዚያው ቀን አዮ ራሳቸው መስጊዱ አጠገብ ካለው፣ ቴምርና ማርና ጥቁር አዝሙድ ከሚሸጠው ሱቅ ወስደውኝ፣ አንዲት አረንጓዴ ጠርሙስ አስገዙኝ። ለምን እንደፈለግኩት ግን እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ለሆዴ ቆዳ ይመስላቸው ነበር።

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ዝም ሲል፣ በሩን ቆልፌ አንድ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ቆምኩ። ሆዴ መሀል ገብቶ አላስደርስ አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ትራስ ደገፍኩ፤ እንደገና ሞከርኩ። ዘይቱ ቀዝቃዛ ነበር። ጣቴ ሲደርስ መጀመሪያ ያገኘው ስፌቱን ነው። እዚያው ነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት፤ ክር ሲቋጠር እንደሚያብጠው ያለ ጠጠር። ነክቼው አላውቅም ነበር። ታጥቤዋለሁ፣ አድርቄዋለሁ፤ ሆን ብዬ ግን ነክቼው አላውቅም። ተጫንኩት፤ ነደደኝ፤ እጄን ሳብኩ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ ነበር መሰለኝ፣ በሩ ተንኳኳ።

«ምን ሆንሽ? ክፈቺልኝ። ምጥ ነው?»

ቀሚሴን አውርጄ ከፈትኩ። አዮ ፊቴን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ ትራሱንና በርጩማውን አዩ። ከዚያ በኋላ መደበቅ ትርጉም አልነበረውም፤ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ነውረኛ ብለውኝ ይወጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኛ ዘንድ ያቺን ቦታ የነካት ምላጭ ነው» አሉኝ። «ልጅ ሆነን ምላጭ። ስናገባ ባል። ስንወልድ ደግሞ ልጁ ራሱ። በደግ እጅ የነካት ሰው የለም፤ ዋላሂ የለም።» ጠርሙሱን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «በዘይት ይሆናል ብሎ የነገረንም የለም።»

መልስ ሳይጠብቁ ተነሥተው ወጡና ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ተመለሱ፤ ጠርሙሱን ውስጡ አቆሙት። «ብርድ ሥጋ ያስደነግጣል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት አበጀን። አዮ ከዝሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ይመጣሉ። በመጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ወገቤን፣ ከዚያ ሆዴን ያሹኛል። ጣቶቻቸው ጫት ሲያስሩ እንደነበረው ያውቃሉ፤ የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ። ወገቤ ላይ ሲደርሱ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» ይሉኛል። ልጁ ከመዳፋቸው ሥር ጀርባውን ሲያዞር ሁለታችንም እናየዋለን። ከዚያ «አሁን ያንቺ ተራ» ይላሉና ተነሥተው አልጋውን ከሳሎኑ በሚለየው መጋረጃ ወዲያ ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው። እኔ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ። ያቺን ቦታ እኔው ራሴ እነካለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እንዳልጨናነቅ ወሬ ያወሩልኛል።

የማይወራ ነገር አልነበረም። ያደጉት በአሰቦት በኩል፣ ቆላው ላይ ነው። አባታቸው ግመል ነበረው። ተራራው ላይ ካለው ገዳም ወርደው የሚሄዱ መነኮሳት ውሃ ሲጠይቁ እናታቸው ወተት ትሰጣቸው እንደነበር ነገሩኝ። ክረምት ሲገባ የግራሩ አቧራ ሲታጠብ የሚሸተውን ሽታ፣ አንዲት ጥጃ በልጅነታቸው ቀሚሳቸውን እንዴት እንደበላችባቸው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስንት ሴት ይዟቸው እንደወለዱ። ድምፃቸው በመጋረጃው አልፎ ሲመጣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ዘይቱ ለብ ብሎ ጣቴ ላይ ይፈሳል፤ ቀስ ብዬ ወደ ታች እጫናለሁ፤ ማቃጠሉ ይመጣል፤ እቆማለሁ፤ እተነፍሳለሁ። ግመሎቹ ያልፋሉ። ማቃጠሉ እንደ ጭስ ይሳሳና ሙቀት ብቻ ይቀራል። አንዳንዴ እጄን እንኳ ሳልታጠብ እንቅልፍ ይወስደኛል። አዮም መጋረጃው ወዲያ ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ያንቀላፋሉ፤ ስነቃ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። የአቡጀዲው ሕልም መቼ እንደተወኝ አላስታውስም። አንድ ቀን ሳስበው ከመጣ ቆይቷል።

ጥቂት ሰንብቶ፣ አንድ ቀን አዮ መጋረጃው ወዲያ ሆነው ወሬ አቋረጡ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ሲስተሯን ጠይቂልኝ» አሉ።

«ምን ልጠይቅልዎት?»

«ለአሮጊት ይሆናል? እኔ እስካሁን ስቀመጥ ይይዘኛል። ሽንቴም ያቃጥለኛል። ጥንት የተቆረጥኩት ነው።»

አዋላጇን ጠየቅኳት። «ይምጡና ልያቸው፤ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም» አለችኝ። አዮ ለመሄድ ብዙ አመነቱ። «በዚህ ዕድሜ ማን ፊት ልገልጥ!» አሉ። በኋላ አንድ ጠዋት አዲሱን ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ለሰርግ የሚሄዱ መስለው ወጡ። ሲመለሱ የመድኃኒት ከረጢት ይዘዋል፤ ፊታቸው ግን ፈካ ብሏል።

«ምን አለችዎት?»

«ለማቃጠሉ መድኃኒት ሰጠችኝ። ለጠባሳው ቀባ ቀባ ማድረግ ይቻላል አለች፤ ከውጭ ብቻ። ቆዳ አያረጅም አለችኝ።» ፈገግ አሉ። «ይቺስ ውሸቷን ነው። ግን ደስ አለኝ።»

ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመጣ ነገሩን ሁሉ ተከታትሎ እንዳልገባው ያስታውቃል። እኔና አዮ ተማክረን የጨረስነው ጉዳይ ይመስለዋል እንጂ ጠይቆኝ አያውቅም። አዋላጇ ግን «ባልሽም ሊያግዝሽ ይችላል፤ ሆድሽ እየገፋ ሲሄድ አይደርስልሽም» ብላኝ ነበር። አፍሬ ብዙ ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ነገርኩት። ጆሮው ቀላ። ተነሥቶ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመረ። አዮ በግቢው ሲያልፉ አይተውት «ዛሬ ሙሽራ ነህ እንዴ?» አሉት። ቀና ብሎም አላያቸውም። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ደገመው። የቡና ፍሬ ጥቁረት ከጣቱ መስመሮች ውስጥ አልወጣ ብሎት ነበርና ሦስተኛም ሊታጠብ ሲል «በቃ ና» አልኩት።

አስተኛኝ፤ ትራሱን አስተካከለልኝ። ሲነካኝ «እንዳላሳምምሽ» ይላል በየመሀሉ። ጠባሳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ስፌቱ ነዋ።»

«ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደዚህ ነው?»

«አሁን ለስልሷል። ቀድሞ ይብስ ነበር።»

ከውጭ የአንድ ባጃጅ ድምፅ ዳገቱን እየቃተተ መጣና አለፈ። «እኔ በጎንሽ የምትቀመጪው ልማድሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንዳንድ ሰው እንደዚያ ይቀመጣል እያልኩ።»

«ነግሬህ አላውቅም።»

«ጠይቄሽም አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ «እንዳላሳምምሽ» ማለቱን ተወ። እኔ እያቃጠለኝ ስተነፍስ አብሮኝ ይተነፍሳል፤ ሳያውቀው ነው መሰለኝ። ስንተኛ ቅዳሜ እንደሆነ ባላውቅም፣ ጠባሳውን ፈልጎ ያጣበት ቀን ነበር። «የት ሄደ?» አለኝ፤ እንደጠፋ ዕቃ እየፈለገ። አልጠፋም፤ ግን ጠጠሩ ሟሙቶ እንደ ከንፈር ጫፍ ለስላሳ ሆኖ ነበር። ሁለታችንም እንደ ልጆች ሳቅን።

ምጡ የመጣው ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ እየዘነበ ነበር። ባለቤቴ መቻራ ነው፤ ስደውልለት መንገዱ ጭቃ መሆኑን፣ መኪና እየፈለገ መሆኑን ነገረኝ። ትልቋን ልጄን ለጎረቤት ሰጥተን አዮ ባጃጅ አስቆሙ። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ወሰደን። አዮ እጄን ይዘው «ረቢ ናገያን ሲ ሃ ሂኩ» ይላሉ፤ ፈጣሪ በሰላም ይፍታሽ ማለታቸው ነው። እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ሾፌሩ ለሁለታችንም አሜን ይላል።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ተረኛዋ ያቺው የሂርናዋ ልጅ ነበረች። «ቲቸር መጣሽ?» አለችኝ፤ ክፍል ውስጥ ዘግይታ እንደገባች ተማሪ እያየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አዮ ወገቤን ያሻሉ። ምጡ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሸሻል፤ በመሀሉ ለአፍታ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በዚያች አፍታ ውስጥ ቆላ እወርዳለሁ፤ ግመሎች፣ ግራር፣ ወተት የተሞላ ቅል። እንደገና እመጣለሁ።

መጨረሻ ላይ አዋላጇ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያቺ ቦታ ላይ አድርጋ ያዘችው። «ጭንቅላቱ መጣ» አለች። «አሁን አትግፊ። እፍ በይ፤ እፍ፣ እፍ።»

ያ ማቃጠል መጣ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ይኼው ማቃጠል ሲመጣ ሞትኩ ብዬ ጮኼ፣ መላ ሰውነቴን ጨምድጄ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ገፍቼው ነበር። አሁን ግን አወቅኩት። ከአልጋዬ ላይ፣ ከቢጫው መጋረጃ ሥር የማውቀው ነው። ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ግን እሱ ነው። ጉልበቴን ላላ አደረግኩ። እፍ አልኩ።

«አዎ፤ እንደሱ። ዘይቱ ላይ እንዳደረግሽው አድርጊ» አለችኝ አዋላጇ።

ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ቀስ ማለቱ ተሰማኝ። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደሚንሸራተት ዓሣ። ልጁ አለቀሰ። ወንድ ነው። ደረቴ ላይ አስቀመጡት፤ ትኩስ ነበር፣ እርጥብ፣ ፊቱ የተቆጣ። አዮ «አልሃምዱሊላህ» እያሉ ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። አዋላጇ ጎንበስ ብላ ታያለች።

«ስፌት?» አልኳት።

በንጹሕ ፋሻ ጠረገች፤ መብራቱን አቀረበች፤ እንደገና አየች። «የለም» አለች። «እዚህ ጋ ትንሽ ተጭሯል፤ በራሱ ይድናል።»

«ዘይቱ ነው?»

«ዘይቱም ይሆናል። ቀስ ብለሽ መውለድሽም፣ ሁለተኛ ልጅ መሆኑም። እኔ ምን አውቃለሁ?» ጓንቷን አውልቃ ሳቀች። «አዮ ግን ዘይቱ ነው ይላሉ፤ ከእሳቸው ጋር አልከራከርም።»

ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፤ መኪናው ተይዞ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በሰው ሞተር መጥቷል። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው ልጁን አልነበረም። አልጋው ላይ ልጁን አቅፌ፣ ቀጥ ብዬ፣ በሙሉ መቀመጫዬ ተቀምጬ ነበር። አቀማመጤን አየ። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ።

የአራስነቴ ጊዜ የዝናብና የእንቅልፍ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት መምጣት አልቻለችም፤ በስልክ ትመርቀኛለች። ገንፎውን አዮ ይሠሩልኛል፤ እኛ ቤት እንደሚሠራው አይደለም፣ ማርም ይጨምሩበታል። አንድ ቀን እናቴ በስልክ «በሳፋ ውሃ የሚያስቀምጥልሽ ሰው አለ?» አለችኝ። ስለዚያ ነገር ቃል ስትተነፍስ የመጀመሪያዋ ነበር። «አላስፈለገኝም፤ አልተሰፋሁም» አልኳት። «እኔ በአንቺ ጊዜ ተሰፍቼ ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ።

ልጁ መሳቅ ሲጀምር አዮ ወደ ሂርና ሊሄዱ ተነሡ። ትንሿ ልጃቸው እዚያ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀርባለች። እሷም በልጅነቷ ተቆርጣለች። አዮ ይህን የነገሩኝ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ነው። «ያኔ እኔው ነኝ ይዤ የወሰድኳት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ከዚያው ሱቅ ገዝተው ከልብሱ መሀል ከተቱ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምኩ፤ ልጁን ደረቴ ላይ አቅፌ። «መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ የእሷ ከእኔ ይለያል» አልኳቸው። «አውቃለሁ፤ ሲስተሯም እንደዚያው ብላኛለች» አሉኝ። ረዳቱ በሩን ዘግቶ ሲሄዱ መስኮቱ ላይ እጃቸው ብቻ ታየኝ።

ግቢው ዝም አለ። ከቀትር በኋላ ከልጁ ጋር ስተኛ መጋረጃው ወዲያ ማንም የለም። ከቀናት በኋላ ደወሉልኝ።

«ወለደች እንዴ?»

«ገና ነው። እዚህ ያለው ሐኪም አይቷታል፤ ‘እዚሁ ሐኪም ቤት ትወልጃለሽ፤ ምጡ ሲመጣ ጠባሳውን እንከፍትልሻለን’ አላት። እሷ ግን ስለ ዘይቱ ስነግራት ‘ኡፍ፣ አታሳፍሪኝ’ ብላ ወጣች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።»

«ተዉት እንግዲህ፤ አያስጨንቋት።»

«ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን እግሯ አብጦ አመማትና ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘይቱን አሙቄ እግሯን አሸሁላት።» ከስልኩ ወዲያ መኪኖች ሲያልፉ ይሰማል። «እግሯን ብቻ ነው። ግን ተኝታልኛለች፤ እያየኋት ነው።»

«እንግዲያው ዝቅ አድርገው ያውሩ፤ እንዳትነቃ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት።